የሻምበሉ አበቦች

«አሥራ አምስት… አሥራ ስድስት… አሥራ ሰባት።»

ኢሽቤል ጣቷን ከመጨረሻው ጉድጓድ አወጣችና በካፖርቷ ጠረገችው። ትናንት ጠዋት ዘጠኝ ነበሩ። ዝናቡ እየወረደ ነበር፤ የባልኬሪ ዝናብ ደግሞ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከጎንም ይመጣል፣ ቀን ሲከፋው ከታች ወደ ላይ ይዘንባል። ቢሆንም ጉድጓዶቹ ጥርት ብለው ይታያሉ። እንደ ስኒ ክብ ናቸው፤ ጠርዛቸው በእጅ ተደልድሏል። ጥንቸል ቆፍራ ስታበቃ አፈሩን አትደለድልም።

ከእያንዳንዱ ጉድጓድ አንዳንድ የበረዶ ጠብታ አበባ ከነሥሩ ጠፍቷል። ይህቺ አበባ ከጣት አትረዝምም፤ አንገቷን ደፍታ የቆመች ነጭ ነገር ናት። በባልኬሪ ግን ንግሥት ናት። ሻምበል ሄክተር ኪንሞንድ በ1856 ከክሪሚያ ጦርነት ሲመለስ ሥሯን በቡት ጫማው ውስጥ ደብቆ አመጣት ተብሎ ይነገራል። ታሪኩን ለጎብኚዎች የምትናገረው የኢሽቤል እናት ሞራግ ሌርድ ናት። በነገረችው ቁጥር ቡት ጫማው ትንሽ ይሰፋል፤ ባለፈው ዓመት ግማሽ የአትክልት ቦታ ያህል ይዞ ነበር። አንዲት ጎብኚ ሰምተው በለቅሶ ራሳቸውን ስተው ወድቀው፣ በሦስት ኩባያ ሻይ ነው የነቁት።

የአትክልቱ ቦታ ዙሪያውን ግንብ ነው፤ ቁመቱ ቀጭኔ ብትመጣ አንጋጣ የምታየው። አንድ በር አለው። በሩ አንድ ቁልፍ አለው። ቁልፉ የሚሰቀለው በኢሽቤል ቤት ወጥ ቤት፣ ከማንቆርቆሪያው በላይ ባለው ምስማር ላይ ነው።

ከኋላዋ የጫማ ድምፅ ሰማች። ጎብኚዎች የሚመጡበት የባልኬሪ ትልቅ ቤት ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ፔቲግሩ በጥቁር ጃንጥላ ሥር ቆሟል። ረጅምና ቀጭን ሰው ነው፤ ሲስቅ የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያም ማስነጠስ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እናቷ ያለ ጃንጥላ አጠገቡ ቆማለች።

«ሚስስ ሌርድ፣ የዚህ በር ቁልፍ ስንት ነው?» አለ።

«አንድ።»

«ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነዋ! ያውቃሉ እኮ።»

«እኔ አውቃለሁ። እርስዎም እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

ሞራግ ፊቷ ቀላ። «ሚስተር ፔቲግሩ፣ የራሴን አበባ ሰርቄ ምን አደርገዋለሁ? ሾርባ ልሥራበት?»

«እንዲህ ያለ አበባ በድብቅ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል። እሑድ የአበባ ቀን ነው፤ ሕዝብ ይመጣል። ሰኞ ቦርዱ ይሰበሰባል። እስከዚያ ማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ቁልፉንም የበሩን ቤትም ለሌላ ሰው አስረክባለሁ።»

የበሩ ቤት ማለት ኢሽቤል ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ የኖረችበት፣ ከግቢው መግቢያ አጠገብ ያለው ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ነው። ዛሬ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ቤት አታውቅም።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ኢሽቤል ያልጠረጠረችው ፍጡር የለም። ፔቲግሩን ራሱን ጠረጠረችው፤ ያ ሁሉ የሚያክል ቦርሳ ለምን ይይዛል? የሻይ ቤቷን ጋጋሪ ጠረጠረች። በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ላይ ሾፌሩ በመስታወት ቢያያት፣ እሱም ሌሊት ሌሊት አበባ የሚነቅል መሰላት።

በምሳ ሰዓት ከሮና ጋር ቁጭ አለች። ሮና ጌዴስ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ አንድ ከረሜላ ተራ በተራ አብራት የላሰች ጓደኛዋ ናት። ሮና ድንች ጥብስ ስታነሳ ኢሽቤል ጥፍሮቿን አየች። በአሥሩም ሥር ጥቁር አፈር አለ።

«ምነው እጄ ላይ አፈጠጥሽ? ድንቹን ፈልገሽ ከሆነ ውሰጂ።»

«ጥፍርሽ ቆሽሿል።»

«የሺንቲ ልምምድ ነበረና። ኳሱን በዱላ ስመታ በአፍጢሜ ተደፋሁ።»

«መቼ?»

«ትናንት፣ ከትምህርት በኋላ። ምርመራ ነው እንዴ?»

ኢሽቤል ድንቹን አኘከች። የሺንቲው ሜዳ ከማክሰኞ ጀምሮ ውኃ ተኝቶበታል። ትናንት እዚያ የነበሩት ተጫዋቾች ዳክዬዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋ እንደውም ግቡ ውስጥ ተኝታ ነበር።

«ነገ እኛ ቤት ስኮን እንጋግር?» አለች፣ ድምፅዋን ማር ቀብታ።

«ነገ… ነገም ልምምድ አለኝ ባክሽ።»

አትሸውጂኝ፣ ነቄ ነኝ አለች ኢሽቤል በሆዷ። ግን ሌባው ሌላ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት? ያ ሁሉ የምትጠረጥረው ሰው እያለ!

ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ቁልፉን ምስማሩ ላይ አየች፤ አለ። ወጣችና ከአትክልቱ ቦታ ውጭ ካለ አንድ ወፍራም ጥድ ሥር ተደበቀች። ብርዱ ጥርስን ከድድ ያላቅቃል። ሁለት ጊዜ ልትመለስ አስባ ሁለት ጊዜ ተወችው። በሦስተኛው ሮና መጣች፤ በእጇ በጋዜጣ የተሸፈነ ባልዲ ይዛለች። ወደ በሩ አልሄደችም። በሰሜኑ ግንብ ጀርባ ዞረችና ሳማው መሃል ተንበረከከች።

የሰሜኑ ግንብ ውስጡ ባዶ ነው። የድሮዎቹ የኪንሞንድ ጌቶች በዚያ ብርድ አገር ኮክ መብላት አማራቸው፤ ኮኩ ደግሞ ሙቀት አማረው። ስለዚህ በግንቡ ሆድ ውስጥ መተላለፊያ ሠርተው ከጀርባው እሳት ያስነድዱ ነበር፤ ግንቡ እንደ ታመመ ሰው ግንባር ይግላል። ምድጃው ከጠፋ መቶ ዓመት አልፎታል። ኢሽቤል በጀርባ ያለውን አፉን ታውቀዋለች፤ ግን ወደ አትክልቱ ቦታ የሚያወጣው ውስጡ ተደፍኗል ሲባል ነው የምትሰማው።

ሮና የምድጃውን የብረት ክዳን አነሳች። ጭንቅላቷ ገባ፣ ትከሻዋ ገባ፣ በመጨረሻ ቡት ጫማዋ ገባ። ሩብ ሰዓት ቆይታ እንደ ጭስ ማውጫ ጠራጊ ጠቁራ ወጣች። ባልዲው ከብዷል። ጋዜጣው ሥር ነጭ ነገር አንገቱን አውጥቷል።

ኢሽቤል ስልኳን አወጣችና ፎቶ አነሳች። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ፤ የሮናን ፊትም፣ ባልዲውንም፣ አበባውንም ይዟል። እናቷን ለማዳን ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ግን ለማን ነው የምትሸጠው? ተከተለቻት። ሮና ሜዳውን አቋርጣ፣ ቦዩን ዘላ፣ ጫካው ውስጥ ገባች። ኢሽቤል ከግንድ ወደ ግንድ እየተከለለች ተጠጋች። ገዢው በመኪና ይጠብቃታል ብላ አስባ ነበር። መኪና የለም። አንድ ሽማግሌ የፖም ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሹካ በሚያክል መቆፈሪያ መሬት ይጭራሉ። ሚስተር ጌዴስ ናቸው፣ የሮና አያት። አርባ አራት ዓመት የባልኬሪ ዋና አትክልተኛ ነበሩ፤ ደረቅ መጥረጊያ ቢተክሉ አበባ ያወጣ ነበር ይባላል።

ኢሽቤል ከግንዱ ኋላ ወጣች።

«ዳክዬዎቹ ደህና ናቸው?»

ሮና ባልዲውን ለቀቀችው። «ምን ዳክዬ?»

«ሺንቲ የሚጫወቱት።»

ሮና ከጥላሸቱ ሥር ገረጣች። «ተከትለሽኝ ነው? ሼም ነው እሺ! ጓደኛ ጓደኛውን ይሰልላል?»

«ጓደኛ ጓደኛውን ይዋሻል? እናቴን ሌባ አስብለሻት ስታበቂ! ሰኞ ቤታችንን ሊቀሙን ነው፣ ታውቂያለሽ?»

«ቤታችሁን?» ሮና ወደ አያቷ ዞረች። «ይህን አላወቅኩም። እውነቴን ነው፣ አላወቅኩም።»

ኢሽቤል አንድ እርምጃ ወደፊት ስትራመድ ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። «ቁሚ! ልጄ፣ ሳታንኳኪ አትግቢ።»

«ምኑን ነው የማንኳኳው?»

«ደጃፍ ላይ ነው የቆምሽው።»

ዝቅ ብላ አየች። ከእግሯ ሥር፣ በአረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የተሸፈነ፣ መሃሉ በእግር ብዛት የጎደጎደ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ቀና ስትል ሌላም ታያት። የበረዶ ጠብታዎቹ በጫካው ውስጥ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል፤ በአንድ ደጃፍ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ በሌላው፣ ከዚያ በሌላው። አበባ በራሱ ፈቃድ እንዲህ አይሰለፍም።

«ይሄ የጃኔት ሞንክር ደጅ ነው» አሉ ሚስተር ጌዴስ። «ያኛው የአንጥረኛው። ያ ደግሞ መንትዮቹ የነበሩበት። ሠላሳ አንድ ደጅ። አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለእኔ፣ ዛፍ ስንገርዝ ነው ያስጠኑን፤ አንዱን ደጅ የዘለልን ቀን ከመሰላሉ አንወርድም። ባልኬሪ መንደር እዚህ ነበር። ከዚያማ የጌታው ሚስት ቁርስ ላይ በመስኮት ስታይ፣ የመንደሩ ጭስ መልክዓ ምድሩን አበላሸባት። በአንድ ጸደይ ሁሉም ቤት ፈረሰ። ሕዝቡ ዛሬ እኛ ካለንበት ከኮረብታው ማዶ ተጣለ። አበቦቹ ግን ስላማሯት፣ ከየደጃፉ ተነቅለው ወደ ግንቡ ግቢ ይግቡ አለች። የነቀላቸው የኔው ቅድመ አያት ነው። ታዞ። እያለቀሰ ነቀለ ይባላል፤ ግን ነቀለ።»

«ታዲያ ለምን አላስፈቀዳችሁም? ለምን ተደብቃችሁ?»

«ወደየደጃፋቸው ልመልሳቸው ብዬ ፔቲግሩን ሦስት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ‹የሻምበሉን አበባ ጫካ ውስጥ አልጥልም› አለኝ። ይህቺ አበባ ደግሞ ቀጠሮ አትሰጥም፤ ቅጠሏ አረንጓዴ ሳለ፣ ከነአፈሯ ካልተዛወረች ትሞታለች። በዓመት ሁለት ሳምንት ነው ያለሽ። ዘንድሮ ጉልበቴ ‹ከእንግዲህ አልቆምልህም› አለኝ። ቀዳዳው ደግሞ ለእኔ አይበቃኝም።» ወደ ሮና በአገጫቸው አመለከቱ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል አይደል? እኔ በልጅነቴ ቀደድኩ፣ ይቺ ገባች።»

ኢሽቤል አላመነችም። ሽማግሌ ሲያወራ ውሸትም ካባ ይለብሳል። «አበቦቹን ያመጣቸው ሻምበሉ ነው! በቡት ጫማው…»

ሚስተር ጌዴስ ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «እናትሽ ያን ወሬ የምታወራው የት ቆማ ነው?»

«ምግብ ክፍሉ ውስጥ፣ የልጅነቱ ሥዕል ሥር።»

«እንግዲያው የልጁን እጅ እዪው።»

«መሃረብ ነው የያዘው። ሁሉም ሰው ያውቃል።»

«እዪው ብያለሁ። ከዚያ የመሰለሽን አድርጊ። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ የነቀልኩትን ነቅያለሁ።»

ሮና ግን እጅጌዋን ያዘቻት። እጇ በረዶ ነበር። «ኢሽ፣ አትንገሪ። አያቴም የሚኖረው በባልኬሪ ቤት ነው። ለጡረተኛ ብለው የሰጡት ጎጆ ነው። ሌባ ከተባለ በዚህ ዕድሜው የት ይሄዳል?»

«እናቴስ የት ትሄዳለች?»

ሮና እጅጌውን ለቀቀች። ባልዲው ተደፍቶ አበቦቹ በጎናቸው ተኝተው ነበር።

ባልኬሪ ሰባ ሁለት ክፍል አለው። ድመት በምሥራቁ በር ብትገባ በምዕራቡ የምትወጣው አያት ሆና ነው። ኢሽቤል ግን የምግብ ክፍሉን ዓይኗን ጨፍና ታገኘዋለች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ገባች። የሥዕሉ ልጅ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል፤ የሁለት መቶ ዓመት ጭስ ጠጥቶ ቡና መስሏል። ጉንጩ ወፍራም፣ ዓይኑ የጠገበ ነው። በእጁ ነጭ ነገር ይዟል። ስንቴ አቧራውን አራግፋለታለች፣ ስንቴ መሃረብ ብላዋለች!

ወንበር ላይ ወጣችና የስልኳን መብራት አበራች።

መሃረብ ግንድ የለውም። መሃረብ አንገቱን አይደፋም። ሦስት ረጃጅም ነጭ ቅጠሎች፣ በውስጣቸው አረንጓዴ ነጥብ። ከክፈፉ ሥር ባለው የነሐስ ሰሌዳ ላይ ያሉትን ቃላት ደግማ አነበበች፦ «ሄክተር፣ በስድስት ዓመቱ፣ 1836»። ሻምበሉ ጦርነት ሊሄድ ሃያ ዓመት ገደማ ሲቀረው! እናቷ፣ ከእሷም በፊት የነበሩት አስጎብኚዎች ሁሉ፣ እውነቱን ከራሳቸው በላይ ሰቅለው ከሥሩ ስለ ቡት ጫማ ሲያወሩ ኖረዋል።

ወደ ቤት ስትመለስ እናቷ ሳህኖችን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትደረድራለች።

«እማ፣ ገና ሰኞ አልደረሰም።»

«አውቃለሁ። እጄ ሥራ ስለፈለገ ነው።» ድምፅዋ ሰልሏል። «ነገ የምግብ ክፍሉን አንቺ ያዢልኝ። እኔ ያን ሰውዬ ከኋላ ቆሞ እያየሁ ስለ ቡት ጫማ ማውራት አልችልም።» አንድ ኩባያ ይዛ ቆመች። «ኢሽቤል፣ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ እንዴ?»

ኢሽቤል አፏን ከፈተች። ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ፍም ያህል ጋላት።

«ነገ እነግርሻለሁ» አለች።

እናቷ ኩባያውን ጠቀለለችው።

ኢሽቤል አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ፎቶውን ከፈተች። የሮና ፊት በጥላሸት ተለቅልቆ፣ ምላሷ እንደ ልጅነቷ በአንድ በኩል ወጥቶ ይታያል። ለፔቲግሩ አልላከችውም፤ አላጠፋችውምም። ለሮና ጻፈች፦ «ነገ አምስት ሰዓት፣ ምግብ ክፍሉ። አያትሽን ይዘሽ ነይ።»

«ልትናገሪ ነው?» የሚል መልስ መጣ።

«ነይ» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ።

እሑድ ዝናቡም አልቀረም፣ ሕዝቡም አልቀረም። ስኮትላንድ ባዶዋን ቀርታ ሕዝቧ ባልኬሪ የገባ ይመስል ነበር። ምግብ ክፍሉ እርጥብ ካፖርት እርጥብ ካፖርት ሸተተ። ፔቲግሩ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ሞራግ መስኮቱ ዘንድ ናት፤ ቁልፉን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። ኢሽቤል የአስጎብኚ ባጅዋን አስተካከለች። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች። ሮና የለችም።

«በ1856…» ብላ ጀመረች። ከፊት ያሉ ሴትዮዎች ታሪኩን ስለሚያውቁት ከወዲሁ መሃረባቸውን አወጡ። «ሻምበል ሄክተር ኪንሞንድ…»

በሩ ተከፈተ። ሚስተር ጌዴስ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ገቡ። ከኋላቸው ሮና ገባች። ፊቷ ታጥቧል፤ ጥፍሮቿ ግን እንደ ዓርቡ ናቸው። ኢሽቤልን አየቻትና ትከሻዋን ከፍ ዝቅ አደረገች፤ እንግዲህ እንዳደረግሽ እንደ ማለት።

ኢሽቤል ወደ ሥዕሉ ዞረች።

«ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር እርዱኝ» አለች። «ሥዕሉን እዩት። ይህ ልጅ በእጁ ምን ይዟል?» ስልኳን አብርታ ወደ ላይ ያዘችው።

ካፖርቶቹ ሁሉ ወደፊት ተሳቡ። በአባቷ ትከሻ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሕፃን ቀደመቻቸው።

«አበባ! እውጭ ያለው አበባ!»

«ከሥሩ ያለውን ማን ያነብልኛል?»

አንድ ሰውዬ መነጽሩን አደረገ። «ሄክተር… በስድስት ዓመቱ… አሥራ ስምንት ሠላሳ ስድስት…» አለና ቆመ። ክፍሉ ውስጥ መቁጠር የጀመሩ ጣቶች ታዩ። መሃረቦቹ ተመልሰው ኪስ ገቡ።

የፔቲግሩ እጆች ተፈቱ። «ሚስ ሌርድ፣ ይህ በጽሑፉ ላይ የለም።»

«የለም» አለች ኢሽቤል። በሕዝቡ መካከል አልፋ እናቷ ዘንድ ደረሰች። እጇን ዘረጋች። ሞራግ ልጅዋን አየች፣ በሩ ላይ የቆሙትን ሽማግሌ አየች፣ የሮናን ጥፍሮች አየች። ከዚያ ቁልፉን ሰጠቻት።

ኢሽቤል ወደ ፔቲግሩ ሄደችና ቁልፉን በመዳፉ ላይ አኖረችው።

«አያስፈልገንም» አለችው። «አበቦቹ የወጡት በበሩ ሳይሆን በሰሜኑ ግንብ የድሮ ምድጃ በኩል ነው፤ እሱን እናያለን፣ ከዚያ ወደሄዱበት እንሄዳለን።» ወደ ጎብኚዎቹ ዞረች። «ካፖርታችሁን ቆልፉ። ሠላሳ አንድ ደጅ አለ፤ ስንደርስ እናንኳኳለን።»

ሚስተር ጌዴስ ኮፍያቸውን አጠለቁና ወደ ዝናቡ ቀድመው ወጡ። ሮና በሩን ይዛ ቆየችላት።